በአንድ ቀይ ኮከብ የተተከለ ድንኳን

ጡረታ የወጣሁ ሰሞን የወልቂጤ ጎረቤቶቼ «እንግዲህ አረፍክ» ይሉኝ ነበር። ማረፍ የሚባለውን ነገር ሞክሬዋለሁ፤ አልሆነልኝም። ወንበር ላይ ስቀመጥ ወንበሩ ራሱ ቆንጥጦ ያስነሳኛል። ባለቤቴ ከሱቋ ደጃፍ ላይ ከወዲያ ወዲህ ስንቆራጠጥ እያየች፣ «አንተ ሰውዬ፣ ደንበኛ መስለህ ሰው ታሳስታለህ፤ ወይ ግዛ ወይ ሂድ» ትለኛለች። እሄዳለሁ። ጥቂት ቆይቼ እመለሳለሁ። ደግሞ እሄዳለሁ።

በቀደም ከእነዚህ ጉዞዎቼ በአንዱ፣ ጀንበር ከጠለቀች በኋላ፣ የሠፈራችን ፀጉር አስተካካይ በሩ ላይ ቆሞ ስልኩን ወደ ሰማይ ቀስሮ አገኘሁት። «ቲቸር፣ እዩማ! ስልኬ የኮከቡን ስም ከነደረጃው ይነግረኛል!» አለኝ። አየሁ። ስልኩ ቀይዋን ነጥብ ከቦ «ቀይ ልዕለ ግዙፍ» የሚል ነገር በእንግሊዝኛ ጽፎባታል። ደረጃዋንም፣ ርቀቷንም በትንንሽ ፊደል ደርድሯል። እኔ እነዚያን ቃላት አስተካክሎ ለመናገር አንድ ሙሉ የሥራ ዘመን ፈጅቶብኛል፤ ያውም ተሳስቼ፣ ያውም በድምፅ ማጉያ፣ ያውም በሰው ደጅ የለቅሶ ድንኳን አስተክዬ። ስልኩን መለስኩለትና ቤቴ ገብቼ ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

የፊዚክስ መምህር ነበርኩ። መጽሐፉ ስለ ኮከብ የሚለው ጥቂት ነው፤ እኔ ግን ከወጣትነቴ ጀምሮ ልቤ የሄደው ወደ ግዙፎቹ ነው። ከፀሐያችን በአሥር ሺዎች እጥፍ የሚያበሩ፣ በፀሐያችን ቦታ ቢቀመጡ ምድርን ከነጡረታዋ የሚውጡ ፍጥረቶች። ምናልባት ራሴ አጭር ስለሆንኩ ይሆናል።

ወደነዚህ ኮከቦች የመራኝ ጋሼ ሽብሩ ነው። መጀመሪያ የተመደብኩበት እምድብር ላይ የሒሳብ መምህር ነበር፤ ዝምተኛ፣ ዘገምተኛ፣ ጫማውን እንኳ ሲያስር ቋጠሮውን ሁለቴ የሚመረምር ሰው። አንድ የመስታወት ፕሪዝም ነበረችው። በልጅ ካልሲ ውስጥ ይይዛታል፤ ካልሲውን ደግሞ በቆርቆሮ ሣጥን። ሲያወጣት እንደ እንቁላል ነው። እኔ መጀመሪያ ቀን ሳያት በጣቴ ይዤ ወደ መብራት አቀናኋት። ጋሼ ሽብሩ ቀስ ብሎ ተቀበለኝና የጣቴን አሻራ በሸሚዙ ጫፍ ሲያጸዳ አመሸ። ከዚያ «ቁንጥንጥ» የሚል ስም አወጣልኝ፤ እስኪሞት በሌላ ስም ጠርቶኝ አያውቅም።

የመጀመሪያው ትምህርቴ ሰማይ ላይ አልነበረም። አመሻሽ ላይ ጀፎረው ጫፍ፣ ያ በመንደሩ መሀል የተዘረጋው ሰፊው የሣር ጎዳና መጨረሻ ላይ፣ አቆመኝ። ከፊታችን ሁለት መብራት ይታያል፤ ጎን ለጎን፣ እኩል።

«የትኛው ይበልጣል?» አለኝ።

«እኩል ናቸው» አልኩ ሳልተነፍስ።

«ይደር» አለ። ይህ ቃሉ ነበር። ዳኞች ጉዳይ ሲያሳድሩ የሚሉትን እሱ ለሁሉ ነገር ይለዋል። ቆመን ጠበቅን። አንዱ መብራት ወደ አንድ ቤት ገብቶ ጠፋ፤ የእጅ ባትሪ ኖሯል። ሌላው ጋራውን እያጓራ መውጣት ያዘ፤ አይሱዙ ነበር፤ ድምፁ እኛ ጋ የደረሰው ዘግይቶ ነው።

«አየህ ቁንጥንጡ፣ ኮከብም እንዲሁ ነው። ቅርብ ያለ ባትሪና ሩቅ ያለ አይሱዙ ለዓይን አንድ ናቸው። ቀለሙ ሙቀቱን ይነግርሃል። ሰማያዊው ትኩስ፣ ቀዩ ቀዝቃዛ። ትልቅ መሆኑን ግን ቀለም አይነግርህም።»

«ታዲያ ምን ይነግረኛል?»

«መስመሩ።»

ፕሪዝሟን ካሜራ ፊት በፕላስተር አሰረና ኮከቡን አነሳው። ፊልሙ ከታጠበ በኋላ ኮከቡ ነጥብ መሆኑ ቀርቶ እንደ ጥለት ተዘርግቶ ወጣ፤ ጥለቱን አቋርጠው የሚያልፉ ጥቁር መስመሮች አሉት። አንዳንዱ ኮከብ መስመሩ ወፍራም ነው፤ አንዳንዱ ቀጭን። እኔ ወፍራሙን የትልቁ ነው አልኩ። ማን አይልም? ጋሼ ሽብሩ ሳቀ፤ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው።

«በገበያ ቀን ቡታጅራ ሄደህ ታውቃለህ? በዚያ ግፊያ መሀል ቀጥ ብለህ መሄድ ትችላለህ? ክርን ይመታሃል፣ አህያ ትገፋሃለች፣ መንገድህ ይሰፋል። ትንሽ ኮከብ እንደዚያ ነው፤ ጋዙ ተጨናንቋል፣ መስመሩ ይወፍራል። ግዙፉ ግን እንደ ጀፎረ ነው። ተንሰራፍቷል፣ ሳስቷል፣ ማንም ማንንም አይገፋም። መስመሩ እንደ ክር ይቀጥናል። ቀጭን መስመር ካየህ ከትልቅ ሰው ፊት ነህና ቆብህን አውልቅ።»

ደረጃዎቹን ያስያዘኝም እሱ ነው። በሙቀት በላቲን ፊደል ከትኩሱ ወደ ቀዝቃዛው፣ በብርሃን ኃይል ደግሞ በሮማ ቁጥር ከአንድ እስከ አምስት። አምስተኛዋ ላይ የኛ ፀሐይ አለች፤ ትሑት ሠራተኛ፣ እንደ እኔ ባለ ደመወዝ። አንደኛው ላይ ልዕለ ግዙፎቹ። ሀብታም ናቸው፣ ያባክናሉ፣ ቶሎ ይሞታሉ። ፀሐይ ቆጥባ ለረጅም ዘመን ትኖራለች። ጋሼ ሽብሩ ይህን ሲናገር ምንጊዜም ወደ ሻይዬ ስኳር ያይ ነበር።

ቀይ ኮከብን ስለ መመዘን ያስተማረኝን ደግሞ ከሁሉ በላይ አስታውሳለሁ። አንዳንዶቹ ቀያዮች ይደበዝዛሉ፣ ይደምቃሉ። ይህን ለማወቅ ከጎረቤት ኮከብ ጋር ታስተያያለህ። «ደመቀ» ብለኸው እንደሆነ «ከምን ጋር?» ይልሃል። ከአድማሱ እኩል ከፍ ያለ ጎረቤት መሆን አለበት፤ ዝቅ ያለውን አየር ያደክመዋል። ደግሞም ቀዩን ማፍጠጥ ክልክል ነው፤ ባፈጠጥክበት ቁጥር ለዓይንህ እየደመቀ ይሄዳል። «እንደ አማት እየው፤ ሰረቅ አድርገህ፣ ዓይንህን ቶሎ መልስ» ይል ነበር። ከዚያ አንድ ቀን አይቶ አይፈርድም። ሳምንት ያሳድረዋል፤ እንደገና ያያል፤ እንደገና ያሳድራል። እኔ በዚህ መሀል እግሬ ያሳክከኛል።

ከእምድብር አረቅጥ ተዛወርኩ። አረቅጥ ላይ ጉም አለ፤ ኮከብ የለም ማለት ይቻላል። ብርዱ ግን በሁሉም ደረጃ አለ። በሰማዩ ተናድጄ የዝውውር ማመልከቻ ላይ «የአየር ጠባይ» ብዬ ጻፍኩ፤ ለጤናዬ መስሏቸው አዝነው ወደ ቆላው ወደ ቆሼ ላኩኝ። ቆሼ ሰማዩ ግሩም ነው፤ አቧራው ሲፈቅድ። እዚያ የበርበሬ አገር ስለሆነ «ቀዩ ቀዝቃዛው ነው» ስል ክፍሉ አመፀ። «ቲቸር፣ ቀዩ አንደኛ ደረጃ ነው!» አለ አንዱ የነጋዴ ልጅ፤ ሌላው «ነጣ ያለውን ማን ይገዛዋል?» ብሎ ጨመረ። በፈተናው ግማሾቹ ለኮከቦች እንደ በርበሬ ደረጃ አወጡላቸው። ማረም አልቻልኩም፤ እየሳቅኩ ነበር።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ ቡታጅራ ደረስኩ። ቤተሰቤ ወልቂጤ ስለ ነበር ብቻዬን እማማ ሩቅያ ግቢ ውስጥ የጓሮ ክፍል ተከራየሁ። እማማ ሩቅያ ባሏ የሞተባት፣ ስድስት ልጆች ወልዳ ስድስቱንም ለአዲስ አበባ ንግድ ያስረከበች ሴት ናት። አገሩ እንደሚያውቀው የኛ አገር ነጋዴ ሱቁን የሚዘጋው፣ ሙስሊሙ ለአረፋ፣ ክርስቲያኑ ለመስቀል ነው። የእማማ ሩቅያ ልጆች ግን ንግዱ እየሰፋ ሲሄድ ለአረፋም በፈረቃ መምጣት ጀመሩ። ሦስቱ ዘንድሮ፣ ሦስቱ ለከርሞ።

«መምህር፣ እኔ ልጆች ነው የወለድኩት ወይስ የጥበቃ ሠራተኛ?» ትለኝ ነበር። «ስድስቱን አንድ ላይ አንድ ገበታ ላይ ሳላይ እንዳልሞት ዱዓ አድርግልኝ። የክርስቲያንም ዱዓ አይጎዳም።»

አደርግላት ነበር። ሌላውን ደግሞ ሳላውቀው አደረግኩላት።

ጡረታዬ ሲቃረብ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ መካከል፣ ሦስት ኮከቦች በቀጥታ መስመር ከተሰለፉበት አጠገብ ያለው፣ ለዓመታት የተከታተልኩት ቀዩ ግዙፍ መደብዘዝ ጀመረ። ያወቅኩት በዓይኔ ነው፤ ከዚያ በኋላ ነው ዓለም ሁሉ ስለ እሱ እያወራ መሆኑን ከኢንተርኔት ያየሁት። አንዳንዱ «ሊፈነዳ ይሆን?» ይላል። እንዲህ ያለ ኮከብ ሲሞት ፈንድቶ ነው፤ ሲፈነዳ እንደ ጨረቃ ያበራል፤ በቀንም ይታያል። አስቡት እንግዲህ። ዕድሜዬን ሙሉ የጠበቅኩት ግዙፍ እኔ ጠመኔ ሳላስቀምጥ ሊሞትልኝ ነው! ጋሼ ሽብሩ አፈር ከለበሰ ቆይቷል፤ ይደር የሚለኝ የለም። ሁለት ምሽት አየሁና ፈረድኩ። ሰረቅ አድርጌ ማየቱን እንኳ ተውኩት፤ እያፈጠጥኩበትም ደብዝዞ ስለታየኝ ይልቁን እርግጠኛ ሆንኩ።

ጥር ላይ የትምህርት ቤቱን ሜዳ ለአንድ ምሽት አስፈቀድኩ። ርዕሰ መምህሯ ወጣትና ጠንቃቃ ሴት ነበረች፤ «ጋሼ፣ ሳይንስ ብቻ ነው አይደል? ሌላ ነገር የለውም?» አለችኝ። «ሳይንስ ብቻ» አልኳት። ሕዝቡ መጣ፤ ባለሱቁ፣ ባለባጃጁ፣ ከመስጊድ የሚመለሱ ሽማግሌዎች። እማማ ሩቅያ ከፊት አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። ድምፅ ማጉያ ሲይዙት ሰውን ሌላ ሰው ያደርገዋል። «ያያችሁት ኮከብ በሞት አፋፍ ላይ ነው!» አልኩ። «እኔ ጡረታ ሳልወጣ ይፈነዳል! ማታውን ቀን ያደርገዋል! ከዚህ በፊት ማንም ያላየውን፣ ከዚህም በኋላ ማንም የማያየውን የምናይ ትውልድ ነን፤ ዘመድ ያለው ዘመዱን ይጥራ!»

የመጨረሻዋ ለማሳመር የገባች ነበረች። ጭብጨባ አመጣችልኝ።

እማማ ሩቅያ በማግሥቱ ጠዋት ለስድስቱም ደወለች። ካርድ ስለምትቆጥብ ስልክ ላይ ወሬ አታበዛም። «ቶሎ ና» ብላ ትዘጋለች፤ «ቶሎ ነይ» ብላ ትዘጋለች። ከዚያም ስልኳን ቻርጅ ላይ ሰክታ፣ በሩን ቆልፋ፣ ለስድስት ልጅ የሚሆን ሥጋና ቅቤ ልትገዛ ገበያ ወጣች።

ልጆቹ እርስ በርስ ተደዋወሉ። «አንተንም ጠራችህ?» «አንቺንም?» እናት በጥር ወር በሥራ ቀን ስድስት ልጅ በአንድ ጠዋት ስትጠራ ትርጉሙ አንድ ነው። ሱቅ ተዘጋ። መኪኖቹ ተከታትለው ገቡ። በሩ ተቆልፏል፤ ሲደውሉላት ስልኳ ከውስጥ ይጮኻል። ታናሽየዋ በሩ ላይ ተደፍታ እሪ አለች።

ጎረቤት ይህን አየ። አረፋ አይደለ፣ ሠርግ አይደለ፤ የእማማ ሩቅያ ልጆች ስድስቱም መጥተው እያለቀሱ ነው! የእድሩ ሰብሳቢ አቶ ወልዴ ቀልጣፋ ሰው ነው። መጠየቅን እንደ ድፍረት ነው የቆጠረው። ጥሩምባ ተነፋ፤ ድንኳን መጣ፤ ወንበር ወረደ። እኔ ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ ነበርና ሰው ሮጦ «አከራይህ አረፈች» ሲለኝ ጠመኔው ከእጄ ወደቀ። ግቢው ስደርስ ድንኳኑ ቆሟል፤ ሰው ጥግ ጥጉን ይዟል። ከአቶ ወልዴ ጎን ተቀመጥኩና አለቀስኩ። ከልቤ ነው ያለቀስኩት።

ባጃጅ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። እማማ ሩቅያ ሥጋዋን በፌስታል፣ ቅቤዋን በኮባ ይዛ ወረደች። ድንኳኑን አየች። ልጆቿን አየች። ነጠላዋን አዘቀዘቀችና፣

«ወይኔ! ማን ነው?» አለች።

ሰው አፉን ከፍቶ ቀረ።

«መምህር ነው? ውይ መምህሬን! ትናንት ማታ እንዲያ ሲጮህ ልቡ ቆሞ ነው!» ብላ ፌስታሉን ጥላ ደረቷን ልትመታ እጇን ስታነሳ ከወንበሬ ተነሳሁ። «አለሁ እማማ» አልኩ። ምን ልበል?

የሆነውን ጩኸት ልተርከው አልችልም። ልጆቿ ያቅፏታል፣ ይቆጧታል፣ ይስማሉ። ታላቁ ልጇ ጀማል ትንፋሹ ሲመለስለት፣ «እማ፣ ታዲያ ለምንድን ነው የጠራሽን?» አላት።

«ኮከብ ሊፈነዳ ነው» አለች በኩራት። «መምህር ተናግሯል። ዘመድ ያለው ይጥራ ብሏል።»

ያ ሁሉ ሰው ወደ እኔ ዞረ። ከዚህ በፊት በሕይወቴ ያን ያህል ሰው አንድ ላይ አይቶኝ አያውቅም፤ ድምፅ ማጉያም አልያዝኩ።

ድንኳኑ አልፈረሰም። ሥጋው ተሠራ፣ ስድስቱ ልጆች በአንድ ገበታ ዙሪያ ተቀመጡ፣ እማማ ሩቅያ መሀል ገብታ በየተራ አጎረሰቻቸው። ጀንበር ጠልቃ ሦስቱ ኮከቦች ሲወጡ ሁሉም ከድንኳኑ ወጥቶ አንጋጠጠ። ቀዩ ኮከብ እንደ ደበዘዘ ቁጭ ብሏል። አንገት እስኪደክም ታየ።

«መምህር፣ እንግዲህ መቼ ነው?» አለኝ ጀማል።

ያኔ ነው የጋሼ ሽብሩ ድምፅ የመጣልኝ፤ በጣም ዘግይቶ፣ እንደ አይሱዙው። «ጀማል፣ እውነቱን ልንገርህ። ዛሬም ሊሆን ይችላል። የዛሬ መቶ ሺህ ዓመትም ሊሆን ይችላል።»

«መቶ ሺህ ዓመት?» አለ። «መምህር፣ እኛኮ መርካቶ ሱቅ ዘግተን ነው የመጣነው!»

አቶ ወልዴ ከኋላ፣ «ድንኳኑን እስከዚያ እንተወው?» አለ። ሰው በሳቅ ወደቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ማታ ክፍሌ ስገባ ግን መቀመጥም መተኛትም አቅቶኝ ከግድግዳ ግድግዳ ተመላለስኩ። ስህተቱ አልነበረም ያንገበገበኝ። ሙያው የሰጠኝን ሥርዓት ሁሉ፣ ማስተያየቱን፣ ማሳደሩን፣ አለማፍጠጡን፣ አንድ በአንድ አውቀው ነበር። አውቄ ነው የዘለልኩት።

ኮከቡ በየካቲት መጨረሻ መድመቅ ጀመረ። በኋላ እንደተረዳሁት፣ ራሱ የተፋው አቧራ ነበር ፊቱን የጋረደው። ቆሼ ላይ አቧራ ስውጥ የኖርኩ ሰው ያንን አላሰብኩም! ርዕሰ መምህሯ የኮከብ ምሽት የሚባል ነገር አልፈቅድም አለች። «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ የእድር ድንኳን ሁለተኛ ማስተናገድ አልችልም» ነበር ያለችኝ። የከተማው ወጣት ደግሞ ባየኝ ቁጥር «ቲቸር፣ ፈነዳ?» ይለኛል። ጡረታ ስወጣ የሸኘኝ ይህ ጥያቄ ነው። ለማንም ሰው ስለ ኮከብ ተናግሬ የሚያምነኝ እንደሌለ አውቄ ወልቂጤ ገባሁ፤ ከዚያ ወዲህ እማማ ሩቅያ ፊት ለመቅረብ ዓመታት አፈርኩ።

በዚህ አረፋ ግን ሰው ልካ አስጠራችኝ። ሄድኩ። አርጅታለች፤ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብላ ስታየኝ፣ «አንተ ሞተሃል ብዬ ነበር፤ ለካ ሁለተኛም አልሞትክ» አለች። ግቢው ውስጥ ሦስት ልጆች አሉ። የሌሎቹ ሦስት ፈረቃ ለከርሞ ነው።

ምሳ ከበላን በኋላ ልጆቹ ራቅ ሲሉ እጄን ያዘችኝ።

«መምህር።»

«አቤት እማማ።»

«ሌላ የሚፈነዳ የለም?»

«አለ» አልኩ ቀስ ብዬ። «ጊንጥ በሚመስለው የኮከቦች ስብስብ ውስጥ ሌላ ቀይ ግዙፍ አለ፤ አንታሬስ ይሉታል። ያም አርጅቷል። ግን እማማ፣ መቼ እንደሆነ አይታወቅም። ደግሞ አመሻሽ ላይ የሚታየው በዚህ በክረምቱ ነው፤ ደመናው ይሸፍነዋል፤ ቢፈነዳም አናየው ይሆናል። ከእንግዲህ ውሸት አልናገርም።»

«ማን ዋሽ አለህ?» ብላ ስልኳን ከጉያዋ አውጥታ ሰጠችኝ። «ያወቅከውን ንገራቸው። ጃንጥላ ይዛችሁ ኑ በላቸው።»

ፊቷን አየሁ፤ ሰረቅ አድርጌ ሳይሆን ቀጥ ብዬ። ከዚያ ወደ ጀማል ደወልኩ። አዲስ አበባ ቀርቶ ነበር፤ የሱ ፈረቃ አልነበረም። ድምፄን እንደ ሰማ ለየኝ።

«መምህር! ደግሞ የትኛው ነው?»

«አንታሬስ የሚባል ነው። ቀይ ልዕለ ግዙፍ፣ አንደኛ ደረጃ። መቼ እንደሚፈነዳ አላውቅም፤ ምናልባት እኔም አንተም የልጅ ልጆችህም አናየውም። ክረምት ስለሆነ ደመና አለ። እናትህ ጃንጥላ ይዛችሁ ኑ ብላለች።»

ከኋላው የገበያ ጩኸት፣ የሚራገፍ ዕቃ ይሰማኛል። እማማ ሩቅያ ጆሮዋን ወደ ስልኩ አስጠግታለች።

«ስድስታችንንም?» አለ።

«ስድስታችሁንም።»

«እሺ» አለ ጀማል። «መቼ እንምጣ?»